ኦቦን አደራ

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእማማ አጸደ፣
ቡራዩ

አካም ጂርቱ እማማ? እንዴት ሰነበቱልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ሃዋም ሰላምታዋን ታቀርባለች። ወረቀትዎን መኪያ ከእንቁላል ቅርጫቷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። ሁለት ቦታ ላይ አስኳል ነክቶታል እንጂ ይነበባል። ሲፈትሹ ስልክዎን እንደወሰዱት አላወቅሁም ነበር። ቢኖርዎትም ዘንድሮ በስልክ ባናወራ ይሻላል። መኪያ ከቡራዩ ሰበታ መመላለሷን እስካልተወች ድረስ በሷ እንጻጻፍ።

የዲሪርሳን መታሰር ከሰማሁ ቆየሁ። ሳልጽፍልዎ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር "አይዞዎት" ከሚለው በኋላ የሚመጣው ቃል ይጠፋኛል። ልጅዎ መጀመሪያ ሱቄ የመጣው ለሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መስኮት መስታወት ሊያስቆርጥ ነበር። ጥግ ላይ የሠራሁትን አኳሪየም አይቶ መስታወቱንም ተማሪዎቹንም ረስቶ እስኪመሽ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የዓሣው ቤት መብራት በላ፣ ተከራዮቼም አጉረመረሙ ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ሦስት ቤት አንድ ቆጣሪ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የተከራይዎ የብዙነሽ ምድጃና የዲሪርሳ ማሞቂያ እኩል ሲበሩ ብሬከሩ ባይወርድ ነበር የሚገርመው። ጥፋቱ የኔ ነው። ያንን ትልቅ ማሞቂያ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። የዲሪርሳን እጥፍ ለሚሆን አኳሪየም የተሠራ ነው፤ በዚያ ላይ ውኃው ሲሞቅ ራሱን ማጥፋት ነበረበት፣ እሱ ግን ተበላሽቶ ዝም ብሎ ይነዳል። ያኔ እጄ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ስለነበር "ትልቅ ይሻላል" አልኩት። ትልቅ አይሻልም እማማ፤ ልኩ ነው የሚሻለው።

ካሉት ሦስት ዕቃዎች መብራት የሚጠጣው ማሞቂያው ነው። አምፖሉና ፓምፑ ተደምረው የሱን ያህል አይወስዱም። ስለዚህ ቁጠባው ከሙቀቱ ይጀምር። የአኳሪየሙን ጀርባና ሁለቱን ጎን በፎም ይሸፍኑት፣ ፊቱ ብቻ ይታይ። ላዩን ይክደኑት፤ ክዳን እንደሌለው ድስት ሙቀቱ የሚያመልጠው በላይ በኩል ነው። ከመስኮቱም ያርቁት፤ ግን ውኃውን ሳይቀንሱ እንዳይገፉት፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አምፖሉን ማታ ትንሽ ካልሆነ አያብሩት። ዓሣ መጽሐፍ አያነብም።

በማንቆርቆሪያ አፍልቼ ባፈስስበትስ ላሉት ግን በአላህ እንዳያደርጉት! እንዲህ ያለ ዓሣ የሞቀ አገር ፍጥረት ነው፤ ድንገት መቀዝቀዝም ድንገት መሞቅም ይገድለዋል። እኔ ልክ የሆነ ማሞቂያ እስክፈልግልዎ ይህንኑ አጥፍተው እንዳያድሩ። ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ብርድ ለሰውም አልሆነ። ዲሪርሳ ለዓሣው ኦቦ የሚል ስም ለምን እንደሰጠው፣ የወሰዱትም ቀን ምን እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ
ኢብሮ


ቡራዩ፣ ጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢብሮ

ነጋ ነው ልጄ? ሰላም ነህ ወይ? ሃዋ እንዴት ናት? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። ወረቀትህን ከአኳሪየሙ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ አሁን ሁለቱንም ሆኛለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ለዓሣ ቀለብ ይጠቅምሻል ያለኝ አልነበረም።

ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ፎሙን ከየት አመጣሽው እንዳትለኝ። ከዲሪርሳ ፍራሽ ላይ ቆርጬ ነው። ሲመጣ ሌላ ይገዛለታል። ብዙነሽ አይታ "እትዬ፣ ዓሣው ፍራሽ በመግዛት ቀደመኝ" ብላ ሳቀችብኝ። እሷም ብትሆን ክፉ አይደለችም። ጠዋት ወጥ ሠርታ እስክትጨርስ ማሞቂያውን አጠፋለሁ፣ ስትጨርስ ትጠራኛለች። ያለ ፎሙ ይህ አይሆንም ነበር። አሁን ውኃው ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ እጄን ከትቼ አይቼዋለሁ።

ለዓሣ ለምን ኦቦ የሚል ስም ተሰጠው ብለሃል። እኔም ተቆጥቼበት ነበር። ትልቅ ሰው የሚከበርበትን ስም ለዓሣ! "እማ፣ ፊቱን እይው እንጂ፣ ኦቦ ቢቂላን አይመስልም?" አለኝ። አየሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቁርጥ የባሌን ወንድም! ጥቁር፣ ከንፈሩን የጣለ፣ ሰላምታ ያጎደልንበት የሚመስል። ኦቦ ቢቂላ ይህን አያውቅም፤ እንዳትነግረው። ለዲሪርሳ ግን ያ ኩራቱ የለም። እጁን ውኃው ውስጥ ሲከት መጥቶ ጣቱን ይታከከዋል፣ ከእጁ ላይ ይበላል። ለኔ አይቀርብም። ወርውሬለት ስሄድ ነው የሚበላው።

የወሰዱት ቀን የሆነውን ጠይቀኸኛል። ብዙ አልልህም። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ "እማ፣ ኦቦን አደራ" አለኝ። ሰዎቹ ሽማግሌ አደራ ያለኝ መሰላቸው። አይዞሽ አላለኝም፣ አታልቅሺ አላለኝም። ተቀይሜው ነበር፣ ታምናለህ? እናቱ ቆማ ዓሣ! ኋላ ነው የገባኝ። እጄ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ብሎ ነው። አሁን ይህ ዓሣ ምን ቢሆን ዲሪርሳን ምን ብዬ አየዋለሁ እያልኩ ነው የማድረው።

እርሻችንን ለከተማ ሊወስድ የነበረው ማስተር ፕላን ቀረ ተባለ አይደል? ኦቦ ቢቂላ በሬዲዮ ሰምቶ እርሻውን ዞሮ አይቶ መጣ፣ ቦታው ላይ መኖሩን ሊያረጋግጥ። እኔ ግን ፕላኑ ከቀረ በሱ ምክንያት የሄደው ልጅ ለምን አይመጣም እላለሁ። ስንቅ ቋጥሬ በየጣቢያው እዞራለሁ፤ እዚህ የለም ነው መልሱ። በናንተ በኩል የተፈታ ሰው ካለ ጠይቅልኝ።

አጸደ


ሰበታ፣ የካቲት 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእማማ አጸደ

እንዴት ነዎት እማማ? መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ዕቃዎቹን ማድረስ አልቻልኩም ነበር። ዛሬ መኪያ ይዛልዎ መጥታለች። ድርቆሽ ውስጥ ከእንቁላሉ ጋር ስለጠቀለልኳቸው በጥንቃቄ ያውጧቸው።

ትንሿ ማሞቂያ ለዲሪርሳ አኳሪየም ልክ ናት። ውኃው የሚፈለገውን ያህል ሲሞቅ ራሷን ታጠፋለች፣ ሲቀዘቅዝ ታበራለች። አሁን ከብዙነሽ ምድጃ ጋር እኩል ብትበራም ብሬከሩ አይወርድም። ስፖንጅ የለበሰችው ቱቦ ማጣሪያ ናት። ያ የሚያጓራው ፓምፕ ይነቀልና በቦታው ይህችን ያድርጉ፤ የምትሠራው በትንሽ የአየር ፓምፕ ነው፣ ከግድግዳ ሰዓት ብዙም አትበልጥ። የአየር ፓምፗን ግን ከውኃው ከፍ አድርገው ይስቀሏት። ዝቅ ካለች መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ቤትዎን ያጥለቀልቀዋል። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ እንዳያጥቡት፤ ከአኳሪየሙ በቀዱት ውኃ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት። አምፖሉ ኤልኢዲ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ነጩን አጥቼ ነው።

አብሮ ያለው የሞተር ሳይክል ባትሪ መብራት ሲጠፋ ሳይነኩት ራሱ ይነሣና የአየር ፓምፗን ያንቀሳቅሳል። ማሞቂያውን ግን አይችልም፤ ያኔ ላዩ ላይ ጋቢ ጣል ያድርጉበት። ይህን ሁሉ መጀመሪያውኑ ለዲሪርሳ መስጠት ሲገባኝ ከታሰረ በኋላ ለእናቱ መስጠቴ ያሳፍረኛል።

ስለሱ እየጠየቅኩ ነው። ጎረቤታችን ታመነ የሚባል ልጅ በቅርቡ ይፈታል እየተባለ ነው። እንደመጣ አነጋግረዋለሁ።

ኢብሮ


ሰበታ፣ መጋቢት 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእማማ አጸደ

እንዴት ሰነበቱ? ይህን በችኮላ ነው የምጽፈው። ባትሪውን በየስንት ጊዜው ልሙላው ላሉት፣ ግዴለም፣ እኔ እነግርዎታለሁ። እሑድ ጠዋት ወደ ቡራዩ እመጣለሁ፣ ዕቃዎቹን ለማየት ነው። ኦቦ ቢቂላ ቤት ይኖራሉ? እሳቸውን ማግኘት ፈልጌ ነበር። እስከዚያ ስንቅ ቋጥረው የትም አይሂዱ፤ ትንሽ ይረፉ።

ታመነን አገኘኸው ወይ ብለዋል። ስመጣ እንነጋገራለን። ሃዋ አጠገቤ ቆማ ሌላ ነገር እንዳትጨምር ትለኛለች።

ኢብሮ


ቡራዩ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለኢብሮ

ዲሪርሳ አለ። በሕይወት አለ። አንድ ጊዜ ጽፌው አላመንኩትም፤ ልድገመው። ልጄ አለ።

የፋሲካ ማግስት አንዲት የማላውቃት ሴት መጣች። የታሰረ ልጇን ለመጠየቅ ሩቅ አገር ሄዳ ነው ያየችው። የጻፈውን ወረቀት በመቀነቷ ቋጥራ አመጣችልኝ። የእጅ ጽሑፉ ነው፣ የኔን ልጅ ጽሑፍ አጥቼው ነው? ኦቦ ቢቂላ ግን ተጠራጥሮ ደጋግሞ አነበበው፣ ሴትዮዋንም ምን ለብሷል፣ የት ጋ ጠባሳ አለው እያለ አደረቃት። ምነው ያን እሑድ እንዲህ ጠይቆ ቢሆን!

ምን እንደሆንኩ ልንገርህ። ያን እሑድ ጎህ ሳይቀድ ውሻው ሲጮኽ ወጣሁ። ኦቦ ቢቂላ ከነዘንጉ፣ ዘመድ ሁሉ ከኋላው፣ አንተ ደግሞ ከሁሉ ኋላ በሩ ላይ ቆመህ መሬት መሬት ታያለህ። በዚያ ሰዓት የመጣ ሰው ለምን እንደመጣ ይታወቃል። ሬሳውስ? አልኩ። ይህን አትጠይቂ አለኝ ኦቦ ቢቂላ። ከዚያ ያለውን አላስታውስም። ጸጉሬን ማን እንደቆረጠው እንኳ አላውቅም። ፎቶውን አውጥተው አስቀመጡት፤ ለመታወቂያ የተነሣውን፣ እሱ ራሱ የማይወደውን።

የእድሩ ሴቶች ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ቴሌቪዥኑን ሸፈኑ፣ ሬዲዮኑን አወጡ። አኳሪየሙ ጋ ሲደርሱ አንዷ፣ ይህ ሰማያዊ መብራት ደግሞ ሰርግ ቤት ያስመስላል፣ ነውር ነው አለች። የሶኬት ማከፋፈያውን ከግድግዳው ነቀለችው። አምፖሉም ማሞቂያውም የአየር ፓምፗም እሱ ላይ ነበሩ። እኔ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋት። ዝም አልኩ። ለማን ብዬ ልናገር? አደራ ያለኝ የለ።

ባትሪህ ግን እንዳልከው ራሱ ተነሣ። ሴቶቹ ማጥፋቱን አላወቁበትም። ሰው ሲያለቅስ የፓምፗ ድምፅ አይሰማም፣ ሰው ሲደክመው ይሰማል። እንዲህ ስታጉረመርም ስታድር ብዙነሽ ተነሥታ አኳሪየሙ ላይ ጋቢ ጣል አደረገችበት። ኋላ ባትሪውም ደከመ። ውኃው እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቅዞ ነበር። ኦቦን ጓሮ ቀበርኩት።

አሁን የልጄ ወረቀት ምን ይላል መሰለህ? ሰላም ነው ወይ ካለ በኋላ ሁለተኛው ቃል "ኦቦ እንዴት ነው? ብርዱ ሲመጣ ሙቀቱን እንዳትቀንሺበት" ነው። እስካሁን አልመለስኩለትም። ሴትዮዋ ተመልሳ ልትሄድ ነው፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ላንተም ምን እንደምልህ አላውቅም። ደስታዬ ብዙ ነው፣ ቂሜም አለ። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ናቸው።

አጸደ


ሰበታ፣ ግንቦት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእማማ አጸደ

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ሱብሐነላህ! ወረቀትዎን ሱቁ ውስጥ አንብቤ ደንበኛ ፊት አለቀስኩ። ሃዋ ምን ሆንክ ብላ ስትሮጥ መጣች፣ እሷም አለቀሰች።

ምን ሰምቼ እንደነበር ልንገርዎ። ታመነ በተፈታ ማግስት ቤቱ ሄድኩ። ከስቶ ጥላውን መስሏል። የቡራዩውን ዲሪርሳን ታውቀዋለህ? አልኩት። አንገቱን ደፋ። "አሞት ነበር። አንድ ቀን አወጡት፣ ወደኛ አልተመለሰም። እናቱን አጽናኑ" አለኝ። እማማ፣ እንዲህ ያለን ሰው "ሞተ ነው የምትለኝ?" ብሎ መጠየቅ በኛ አገር አለ? ነገሩን ከአፉ አላስጨረስኩትም። አይዞህ ብዬው፣ ትከሻውን ነክቼው ወጣሁ። ለጨዋነቴ ስል አልጠየቅኩም። አሁን ሄጄ ስጠይቀው "ወደ ሐኪም ወሰዱት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት መሰለኝ፤ ሞተ መች አልኩህ?" አለኝ። እናቱን አጽናኑ ያለው ብቻዋን ስለሆነች ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት አይለቀምም። ጸጉርዎ፣ እንባዎ፣ ኦቦም። ይቅርታ ብዬ ልጽፍ አስቤ ቃሉ አነሰብኝ። ቂም ቢይዙብኝ እውነትዎ ነው።

አንድ ነገር ግን ልበል። ሱሉልታ አንድ የማውቀው ሰው ቤት ከኦቦ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ዓሣ አለ። ጥቁር ነው፣ ጎኑ ላይ ያ ብርቱካናማ ነጠብጣብ አለው፣ ልኩም ያው ነው። እኔ ራሴ አይቼ መለየት አልቻልኩም። ከፈቀዱልኝ አመጣዋለሁ። ዲሪርሳ በታሰረበት ቦታ የዓሣውን መሞት ከሚሰማ ደህና ነው ቢባል ይሻለው ይመስለኛል።  ምክሬን መስማት እንዳቆሙም አውቃለሁ።

ኢብሮ


ቡራዩ፣ ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለኢብሮ

አምጣው ያልኩህ ዓሣ በደህና ደርሷል። ሰውዬው በላስቲክ ጋን ይዞት ከሱሉልታ ሲመጣ ሦስት ቦታ አስወርደው ፈትሸውታል። አንዱ ፈታሽ "ይህ ምንድን ነው?" ሲለው "ዓሣ" አለ፤ "የት ነው የሚሄደው?" ሲለው "እስረኛ ሊጠብቅ" ሊል ምንም አልቀረው። ሲነግረኝ ሳቅሁ። ከመጋቢት ወዲህ መሳቄ ነበር።

ከዓሣው ጋር በላክኸው ወረቀት ያልከውን አድርጌያለሁ። ማሞቂያዋና የአየር ፓምፗ ለየብቻ ሶኬት አላቸው፣ ማንም በአንድ እጁ እንዳይነቅላቸው። ሰማያዊውን አምፖል አንሥቼ የላክልኝን ነጩን ሰክቻለሁ። ብዙነሽ ምድጃዋን ስታበራ አሁን ማንም ማንንም አይጠራም። መብራቱ ራሱ ቀለለን። ዕቃ በልኩ መምረጥ ለካ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ለዲሪርሳ፣ ኦቦ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩለት። ልክ ነው ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ዓሣው ድንጋዩ ሥር ተወሽቆ ይውላል። እኔም እሱም እንተያያለን፣ ሁለታችንም እንግዳ ነን።

አጸደ


ሰበታ፣ ሰኔ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእማማ አጸደ

እንኳን ዲሪርሳ ለቤቱ በቃ! እንኳን ዓይኑን አዩት! መኪያ ገና ከመንገድ ማዶ ሆና "መጣ! መጣ!" እያለች ስትጮኽ የሰበታ ሰው ሁሉ የኔ ወንድም የመጣ መስሎት ነበር።

ለምን አልመጣህም ብለዋል። ረመዷን ነው ብዬ ነበር ልመልስልዎ፤ ግን በጾም ማመካኘት ኃጢአት ነው። እግሬ እምቢ አለኝ። በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብዬ እናቱን አስለቅሼ፣ አሁን ሳቅ ብዬ ልቀፈው? እስካሁን የሆነውን እንዳልነገሩትም ጽፈዋል። ጸጉሬን ለራስ ምታት ነው የተቆረጥኩት አልኩት ብለዋል። ይህንንም ለኔ ብለው እንደሆነ ይገባኛል፤ ይከብደኛል።

ዓሣ ሰውን ለመልመድ ምን ያህል ይቆያል ላሉት፣ እንደ ዓሣው ነው። በተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ እጅ ከቀረበለት ይለምዳል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ጭራሽ የማይለምድም አለ። ለምን እንደጠየቁኝ አልጻፉልኝም፤ ግን ፈርቻለሁ።

ኢብሮ


ቡራዩ፣ ሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢብሮ

ነጋ ነው ልጄ? ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ለምን እንደጠየቅኩህ ልጻፍልህ።

የገባ ቀን ሰው ሁሉ ሊያየው ቤቱን ሞላው። ኦቦ ቢቂላ በግ ይዞ መጣ። ዲሪርሳ ግን ገና ሳይቀመጥ ወደ አኳሪየሙ ሄደ። "ማን ነው እንዲህ ያሰናዳው? ሲሠራ እኮ አይሰማም" አለኝ። ኢብሮ ነው አልኩት። "ኢብሮማ ወንድሜ ነው" አለ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ከተተ። እጁ እንዴት እንደቀጠነ ልነግርህ አልችልም። ዓሣው ደንግጦ ድንጋዩ ሥር ገባ። ልጄ እጁን አላወጣም። ሰው "ና እንጂ፣ ቁጭ በል" ሲለው እንኳ አላወጣም። ኋላ ዞር ብሎ "ረስቶኛል እማ። አልፈርድበትም፣ ቆይቼበታለሁ" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ደግሞ ይረፍ ብዬ ተውኩት። ሲያድር ሲውል ነገሩ ከበደ።

አሁን በየማታው ወንበር ስቦ እጁን ውኃው ውስጥ ከቶ ይቀመጣል። ከግቢ አይወጣም። ተማሪዎቹ ሊያዩት መጥተው ተኝቷል በሉ ብሎ መለሳቸው። ባለፈው ሳምንት ምን አለኝ መሰለህ? "እዚያ ሆኜ ሁሉ ነገር ቢቀር ኦቦ እጄን ያውቀዋል እል ነበር። እሱ ካልለየኝ ሌላው ሰው ምኔን አይቶ ይለየኛል?" አለኝ። ኢብሮ፣ እኔ ልጄን ከኀዘን ላድነው ብዬ ነበር። ዓሣው ሞተ ብዬው ቢሆን አንድ ቀን ያለቅስ ነበር። አሁን ግን በየቀኑ ተረሳሁ እያለ ነው። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ አንተም አለህበት።

እኔ ልነግረው ሞከርኩ። አፌን ስከፍት እንባዬ ይቀድመኛል፣ እሱ ደግሞ ስላመጣሁት መከራ ነው የምታለቅሺው ብሎ ያባብለኛል። መርዶ በእናት አፍ አይነገርም። ስለዚህ አንተ ና። ለኦቦ ቢቂላ ሁሉንም ነገርኩት፣ የስሙንም ነገር ጭምር። በኔ ስም ዓሣ? ብሎ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቀረና "እንግዲህ እንደ ወጉ ይሁን" አለ። እሑድ ጎህ ሳይቀድ ከሱ ጋር ትመጣላችሁ።

ከዓሣው እንዳትጀምር። ከታመነ ጀምር፣ ምን እንደሰማህና ምን እንዳልጠየቅክ ንገረው። ከዚያ ስለ ጸጉሬ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ሴቶቹ። እሷ ገመዱን ስትነቅል እናቱ አይታ ዝም ማለቷንም ንገረው፤ እሱን አትዝለልልኝ። መጨረሻ ላይ ወደ ኦቦ ትደርሳለህ። አልረሳህም፣ ሞቶ ነው በለው። ቢጮኽብህ ቻለው። ቢጮኽ እንኳ ደስ ይለኛል፤ ከመጣ ጀምሮ ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም።

ባለፈው በሩ ላይ ቆመህ ቀርተህ ነበር። አሁን ግባ፣ ፊቱን እያየህ ንገረው። ይሄኛው መርዶ እውነት ነው።

አጸደ